ድካሙ የት ሄደ?



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እቤቴ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ሊጥ አለ። ያቦካሁት እኔ ነኝ። ከትናንት በስቲያ ስለሆነ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ከላይ ያቀረረውን ውሃ ደፍቼ አብሲት ልጥልለት ይገባል። ብዙ ካስቆያችሁኝ ይኮመጥጣል፤ ከኮመጠጠ ደግሞ ጥፋቱን ጥያቄ የሚያበዛው ሰው ላይ አላክካለሁ።

ስጠራ የተሰጠኝ ርእስ «በቤት ማብሰል ለጤና ያለው ጥቅም» የሚል ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ጨውና ስለ ዘይት የማውቀው እናንተ የምታውቁትን ያህል ነው፤ ኋላ በጨረፍታ አነሣዋለሁ። እኔን ዓመታት ያብሰለሰለኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ምግብ ገዝተን ስንበላ «ተገላገልን» እንላለን። እሺ፣ እኛስ ተገላገልን። ያ ድካም ግን የት ሄደ? ማን ጫንቃ ላይ ዐረፈ? ይህን ሳልጠይቅ የቤት ወጥን ባሞግስ፣ እናቴ ክንድ ላይ ምጣድ የተወውን ጠባሳ እንደ ጌጥ መቁጠር ይሆንብኛል።

ለመልሱ ሩቅ መሄድ የለብንም። ከዚህ አዳራሽ ደጃፍ ወጣ ብላችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ ተራራው ቆሟል። እንጦጦ። እዚያ ላይ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር ለቀናት ዘለቀ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ ሰፍሯል። ጄምስ ማካን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪም ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ግብር ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል፤ ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» ብለን የምንጠራው ገበታ መልክ ከያዘባቸው አጋጣሚዎች አንዱ አድርጎ ያየዋል። ከየአገሩ የመጣው ቅመም፣ ወጥ፣ ጠጅ በአንድ ድንኳን ተሰበሰበ ማለት ነው።

እኔ ያንን ግብር ሳስብ ዓይኔ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ይሄዳል። ያን ሁሉ እንጀራ ማን ጋገረው? በዚያ ዘመን የናፍጣ ወፍጮ የለም። ጤፉ በድንጋይ ወፍጮ፣ በሴት ጉልበት ነው የተፈጨው። ውሃው በእንስራ ተቀድቶ ዳገቱን የወጣው በሴት ጀርባ ነው። ከነዚያ ሴቶች መካከል በባርነት የነበሩም አሉ። ታሪኩ የእቴጌዋን ስም ያውቃል፤ የወፍጮዋን ሴት ስም አያውቅም። ይህን የምለው እቴጌዋን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው።

እኒያው እቴጌ ተራራውን ወርደው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ በ1898 ዓ.ም. ዛሬም ፒያሳ ላይ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል መሠረቱ። ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር በነበረበት አገር ማለት ነው። እንግዳ ሰው መጥቶ ገንዘብ ከፍሎ ይብላ? ሰዉ አፍሮ አልገባም ይባላል፤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አስለመዱት እየተባለ ሲወራ ኖሯል። እንግዲህ በእንጦጦ ላይ ትልቁን የቤት ግብር ያበሉትም፣ «ክፈልና ብላ» የሚለውን ያስተማሩትም አንዲት ሴት ናቸው። የቤት ምግብና የሆቴል ምግብ ጠላት ናቸው ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ ይህን እነግረዋለሁ። ጣይቱ ሁለቱንም በአንድ እጅ ይዘዋቸው ነበር።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ይሄኛው የበለጠ የኛ የየካ ክፍለ ከተማ ሰዎች ነው። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው የሀገር በቀል ደን አለቀ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆረጠ። ነገሩ ከፍቶ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ይህች ዛሬ ኮንፈረንስ የምታስተናግድ ከተማ ወጥ መሥሪያ እንጨት ስላጣች ጓዟን ጠቅልላ ልትነሣ ነበር! ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ ከተማውም ባለበት ረጋ።

ዛፉ ግን ራሱ አይሄድም። ከተራራው ወደ ምድጃ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል።

እኔ ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሲወርዱ እናገኛቸዋለን። ከወገባቸው ታጥፈው፣ ሸክሙ ከነሱ በላይ ረዝሞ፣ በቀጭኑ መንገድ ላይ ስንተላለፍ እኛ ግንቡ ላይ እንለጠፋለን። 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው የሚሸከሙት። አንዳንዶቹ እንጨት፣ አንዳንዶቹ የታሰረ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ ነው፤ ቦግ ብሎ ይነድና ምጣዱን እኩል ያግለዋል። እናቴ በር ላይ ቆማ ትከራከራቸዋለች። ከአንዱ ሸክም ላይ ጥቂት ሳንቲም ለማስቀነስ እስኪደክማት ትከራከራለች፤ እኔም ክርክሩን ስታሸንፍ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። በኛ ቤት «የቤት ምግብ» ይባል የነበረው እንጀራ የድካሙ ግማሽ የዚያች ሴት ነበር። ከነዚህ ሴቶች የተወሰኑት ኋላ በማኅበር ተደራጅተው ሸማና ሻርፕ መሸመን ጀመሩ፤ «የቀድሞ ሴቶች እንጨት ተሸካሚዎች» የሚለው የማኅበራቸው ስም ራሱ አንድ ታሪክ ነው። «የቀድሞ» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። አሁን ተራራው ላይ ሰው የሚወጣው ቡና ሊጠጣ፣ ፈረስ ሊጋልብና ፎቶ ሊነሣ ነው። ጥሩ ነው፤ እኔም ልጆቼን ይዤ ወጥቻለሁ። ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ግን ያ የቅጠል ሽታ ትዝ አለኝ። አንድ ተራራ በሰው ዕድሜ ውስጥ ከምድጃ ወደ ካፌ ተቀየረ።

አሁን ወደ ቃላት ልውሰዳችሁ፤ የቋንቋ ነገር ስለምወድ ታገሡኝ። በአማርኛ «ባለሙያ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። መሐንዲሱም ባለሙያ ነው፣ ሐኪሙም ባለሙያ ነው። «ባለሙያ ናት» ስንል ግን፣ ስለ ሴት ከሆነ፣ ወጥ ታውቃለች ማለታችን ነው። ሰርግ ቤት ጓዳ ገብታችሁ «ባለሙያዋ የታለች?» ብትሉ ማንም ወደ መሐንዲሷ አይወስዳችሁም። ቋንቋው ማብሰልን ከሙያ ሁሉ ቀድሞ ሙያ ብሎታል። «ባልትና»ም እንዲሁ፤ ከባልቴት ጋር አንድ ቤት የወጣ ቃል ነው፤ ዕድሜና ልምድ ያላት ሴት የምታውቀው ነገር ማለት ነው። ዛሬ «የባልትና ውጤቶች» የሚል ጽሑፍ በየሱቁ በር ላይ ተለጥፎ ስናይ ባልቴቷን አናስታውስም። ክብሩን በቃል ሰጠናት፤ ደመወዙን ግን ረሳነው።

ሰው «ፈጣን ምግብ» የፈረንጅ ፈጠራ ይመስለዋል። ኧረ ባካችሁ! በሶ ምንድን ነው? ገብሱ ታምሶ፣ ተፈጭቶ ተቀምጧል፤ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ጭኮስ? ድርቆሽስ? ቋንጣስ? ቆሎና ዳቦ ቆሎስ? ስንቅ የምንለው ሁሉ ፈጣን ምግብ ነው። ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊትም ስንቅ ይዞ ነበር። ስንቁ ተዘጋጅቶ በአቁማዳ ሄደ። ልዩነቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ያ ስንቅ ከየት እንደመጣ የሚበላው ሰው ያውቃል። ማን እንዳመሰው ያውቃል። የእናቱ ወይም የሚስቱ እጅ ነው።

ከሁሉም የምትደንቀኝ ግን ሽሮ ናት። እዚህ የምናፈላው ውሃ 100 ዲግሪ እንደማይደርስ ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። እንጦጦ ጫፍ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ 90 ገደማ ላይ። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው በአንድ ሰዓት የሚቀቅለው ባቄላ እኛ ጋ ብዙ እንጨት ይበላል። አያቶቻችን ይህን በዲግሪ ለክተው አያውቁም፤ ምድጃው ግን አስተምሯቸዋል። እህሉን ከክተው፣ አምሰው፣ ከቅመም ጋር ፈጭተው አስቀመጡት። የማብሰሉን ከባድ ክፍል በበጋ፣ በፀሐይ፣ በጎረቤት ጉልበት ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የደከመች ሴት ሽንኩርቷን አቁላልታ፣ ሽሮዋን ነስንሳ በደቂቃዎች ውስጥ እራት ታቀርባለች። ደጋ ላይ የተወለደ ምግብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማረጋገጫ የለኝም፣ ግምቴ ነው። ከዚህ በላይ ብልህ ፈጣን ምግብ ግን አሳዩኝ።

የበርበሬውንም ነገር ሳልነካው አላልፍም። የማረቆ ዛላ ተገዝቶ ይመጣል። ሴቶቹ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ተሰብስበው ይቀነጥሳሉ፤ እያስነጠሱ፣ እየተሳሳቁ፣ የሰፈሩን ወሬ ከዛላው ጋር እየቀነጠሱ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ ይደለዛል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንዱ ልጅ ዶሮ እንዳይገባበት ይጠብቃል፤ ያ ልጅ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ጥቁር አዝሙዱ ይታመሳል። ከዚያ ወፍጮ ቤት። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ደግሞ ከነሱ በፊት ጨው ወይም ሌላ እህል ያስፈጨ እንዳይኖር የሚጠብቁት ጥበቃ! አሁን ያ ሁሉ በአንድ ፌስታል ታሽጎ ይሸጣል። ሻጩን አልነቅፍም። ነገር ግን በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ተገኘ የሚል ዜና በዚህች ከተማ በተደጋጋሚ ሰምተናል። ድካሙን ለማናየው ሰው ስናስረክብ ዓይናችንንም አብረን አስረክበናል።

ስለ ራሴ ላውራ። እኔ እስከ 50 ዓመቴ ድረስ ከሻይ በቀር ያፈላሁት ነገር አልነበረም። ጓዳ መግባት ለወንድ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ጓዳው በር ላይ ስቆም «ምን ትጎረጉራለህ? ወደ ውጭ!» ትለኝ ነበር እናቴ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ ልጃችንን ልታርሳት ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሄደች። ሦስት ወር ልትቆይ። እኔ ምንም አልመሰለኝም። መገናኛ አካባቢ የማይሸጥ ምን አለ? እርጥብ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ በየዓይነቱ አለ። በስልክ ቢያዙ ሞተር የያዘ ልጅ እስከ በር ያመጣል። የፈረንጅ ፒዛ ከፈለጉ ፒዛ ሃት እንኳ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷል።

የመጀመሪያው ሳምንት በዓል መሰለኝ። ሁለተኛው ላይ ሆዴ መጮህ ጀመረ። የድንች ጥብሱ ዘይት ስንት ጊዜ ተመላልሶ እንደፈላ መልኩ ይናገራል። የገዛሁትን ኑድል እሽግ ገልብጬ ሳነብበው የጨው መጠኑ አስደነገጠኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚለው፣ አንዱ እሽግ ብቻውን ከዚያ ብዙውን ይወስዳል። (የኛም በርበሬ ጨው ይገባበታል፤ ንጹሕ ነን አልልም።) ሦስተኛው ሳምንት ግን የመጣው የሆድ ነገር አይደለም። ማታ ወደ ቤት ስገባ ቤቱ ምንም አይሸትም። ያ ነው ያስመረረኝ። ሽንኩርት ያልተቁላላበት ቤት የሆቴል ክፍል ይመስላል።

ባለቤቴ ደወለችና «ምን በላህ?» አለችኝ።

«ገዛሁ።»

«ሽሮው ቆርቆሮው ውስጥ አለ’ኮ።»

«እንዴት ነው የሚሠራው?»

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ግን፣ ከሳቁ በኋላ፣ «ሠላሳ ዓመት ስትበላው?» አለችኝ። ይቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

በስልክ እያስተማረችኝ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሽሮ ጓጎለ። ሁለተኛው አረረ፤ ድስቱ አሁንም ጥቁር ነው። ሦስተኛው ሽሮ ሆነ። እንጀራው ግን ትዕግሥት ፈተነኝ። ምጣዱ አዲስ ስለነበረ በጎመን ዘር መሟሸት እንዳለበት ማንም አልነገረኝም፤ የመጀመሪያው እንጀራ ምጣዱ ላይ እንዳለ ቀረ፣ በቢላ ነው የፈቀፈቅሁት። ሁለተኛውን ሰፌዱ ላይ ሳወጣው ለሁለት ተሰነጠቀ። ዓይን የለውም። አክምባሎውን መቼ እንደምከፍት አላውቅም። በአራተኛው ላይ መብራት ሄደ! የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎ ዋት አካባቢ ይጎትታል፤ ኤሌክትሪኩ ደካማ በሆነ ሰፈር ሁሉም ቅዳሜ ከሰዓት ምጣዱን ሲሰካ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

በዚያን ጊዜ የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ሽታው ስቧት በር ላይ ቆማ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ከተረፈው ሊጥ ትንሽዬ ክብ ጋግሬ ሰጠኋት። «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። እንጎቻ ነው አልኳት። አታውቀውም። አያት የሌላት ሆና አይደለም፤ እንጀራ ከሱቅ በቁጥር ተገዝቶ የሚገባበት ቤት እንጎቻ ስለሌለው ነው። የሚሸጥ እንጀራ ሁሉ እኩል ነው። እንጎቻ ማለት የሊጡ ማለቂያ ለልጅ የሚደርስበት ነው፤ እሱን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ባለቤቴ ከወዲያ የነገረችኝም ያው ነው፣ በሌላ መልኩ። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞቻችን ጤፍ አጥተው በስንዴና በሌላ ዱቄት ቀላቅለው እንጀራ የሚመስል ነገር ሲጋግሩ ኖሩ። ኋላ ዌይን ካርልሰን የሚባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ አሜሪካዊ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማብቀል ጀመረ። አሁን ደግሞ እንጀራው ራሱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይደርሳቸዋል። እህሉ ሳይሆን እንጀራው፤ መንግሥት በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲያግድ፣ የሚወጣው የተጋገረው ሆነ። እዚህ ሌሊት የተጋገረ እንጀራ በማግስቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይበላል። ልጄ አራስ ቤት ሆና የበላችው የተገዛ እንጀራ ነው። ገንፎውን ግን እናቷ አገነፋችላት። ልጄም ያስለቀሳት ገንፎው ነው፣ ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ ሲጨመርበት።

አሁን ወደ የካ ልመለስ፣ ወደ ኮንዶሚኒየሞቻችን። የጋራ ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር፣ እቅድ ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር አስበው ነበር፤ ለዚህ ላመስግናቸው። በየብሎኮቹ መሀል የጋራ መገልገያ ሕንጻ ሠሩ፣ ሰዉ «ኮሙናል» የሚለውን። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ሰርግና ለቅሶ የሚደገስበት። አራተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ መደለዝ እንደማይቻል ገብቷቸው ነበር። የካ አባዶ ሂዱ፣ ሌላም ሳይት ሂዱ፤ ከነዚያ ሕንጻዎች ስንቱ ዛሬ ወጥ ይሠራበታል? አንዱ ተቆልፏል፣ አንዱ ሱቅ ሆኗል፣ አንዱ ዕቃ ማከማቻ ሆኗል። ጓዳው በቁልፍ ተይዞ እያለ «ሕዝቡ ማብሰል ተወ» እንላለን። እኔ በምኖርበት ሰፈር በዓመት በዓል ሰሞን እናቶች ሽንኩርት ከፎቅ አውርደው ደረጃ ሥር ተቀምጠው ይከትፋሉ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ሁለት ዓመት ጠየቅሁ። አሁንም እየጠየቅሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ካልተናገርኩ ዛሬ የመጣሁበት ሁሉ ከንቱ ነው። «ድሮ ሴቶች ይሠሩ ነበር፣ አሁን ሰነፉ» የሚል ወንድ በየሻይ ቤቱ ሞልቷል። እስቲ ቁጠሩ። ሴቷ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከኮተቤ ወይም ከካራ ተነሥታ ታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ማታ ትመለሳለች። ልጅ አለ፣ ልብስ አለ። እሷ እንጀራ ከሱቅ ብትገዛ ሰነፈች? የቤት ሠራተኛ ብትቀጥር ያም ድካም ወደ ሌላዋ ሴት ሄደ፤ ከገጠር ወደ መጣች የ16 ዓመት ልጅ። ቤት ለቤት እየዞረች እንጀራ የምትጋግረዋ ተመላላሽም እንዲሁ ናት። ከእንጨት ተሸካሚዋ ጀምሮ እስከ ሞተር ልጁ ድረስ ብትከተሉት፣ ድካሙ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ወደ ባልየው የሄደበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ «ወደ ቤት ወጥ እንመለስ» የሚሉኝን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ማን ይመለስ? እናቴ ወደ ጭሱ አትመለስም። ዓይኗን ጭሱ ጎድቶታል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው፣ የማገዶውን ግማሽ ያህል የሚቆጥበው፣ ቀድሞ ቢደርስላት ኖሮ ሌላ ታሪክ ባወራሁ። መመለስ ካለበት የሚመለሰው እስከ ዛሬ ገብቶ የማያውቀው ነው። ያ ደግሞ እኔ ነኝ፣ አንተም ነህ፣ ከኋላ ተደግፈህ የቆምከው ወጣትም ነህ። አትሣቁ፣ የምሬን ነው!

ከገባሁ ወዲህ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ሾላ ገበያ ስሄድ አሁን ቀይ ሽንኩርት አነሣለሁ፣ እጫነዋለሁ፣ አሸተዋለሁ። ጉሊት ላይ የተቀመጠችው እናት መጀመሪያ ወንድ ስለሆንኩ አታለለችኝ፤ የበሰበሰውን ከታች አደረገችብኝ። አሁን ታውቀኛለች፤ «የኔ ባለሙያ» ትለኛለች። ዕድሜዬን በሙሉ ባለሙያ ስባል ኖሬያለሁ፣ በሌላው ትርጉም፤ እንደዚህ ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም። የጎመኗ ዋጋ ሲጨምር ለምን እንደጨመረ ትነግረኛለች፤ ዝናብ ነው፣ ነዳጅ ነው፣ መንገድ ነው። የተዘጋጀ ምሳ ስገዛ ይህን ማንም አይነግረኝም።

ስልጆ ልሞክር ብዬም ነበር በዐቢይ ጾም። ባቄላውን አብስሎ ከሰናፍጩ ጋር ማብላላት ብቻ ነው፤ ቀላል ነው ብላ አንዲት የሰፈር እናት አሳየችኝ፤ ከልጆቿ አንዳቸውም አይችሉም። ከመካከሉ ብዙው በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ ነን፤ በዚያ ሁሉ ጾም የተፈለሰፈው ምግብ፣ ሱፉ፣ ተልባው፣ አዚፋው፣ ስልጆው፣ ዛሬ በአንድ ትሪ ላይ በትንሽ በትንሹ «በየዓይነቱ» ተብሎ ይቀርባል። ስልጆው ከትሪው ላይ ወድቋል። ሆቴሉ አይሠራውም፤ ቀናት ይፈጃልና አያዋጣውም። በሆቴል የማያዋጣ ምግብ በቤት ካልተሠራ ሌላ መኖሪያ የለውም። የእኔ ስልጆ በነገራችን ላይ አልተሳካም። ሰናፍጩ በዛ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ቀምሳ ውሃ ጠየቀች።

ሁሉንም ራሳችሁ አብስሉ አልልም። እኔም ዳቦ እገዛለሁ፣ ፓስታ እገዛለሁ፣ ሲደክመኝ እርጥብ እበላለሁ፤ መገናኛ ድልድዩ ሥር የምትሸጠዋ ልጅ አዋዜዋ ሲጣፍጥ! ፋፋን የሚያስታውስ አለ? በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከስዊድን በተገኘ እርዳታ ለሕፃናት የተዘጋጀው ዱቄት። ያም የታሸገ ምግብ ነው፤ ብዙ ልጅ አሳድጓል፣ እዚህ ከተቀመጡት መካከልም በፋፋ ያደጋችሁ አላችሁ። የታሸገ ሁሉ ክፉ ነው የሚል ሰው እኔን ምስክር አይጥራ። የምጠይቀው ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቤቱ ውስጥ ያለ፣ እስከ ዛሬ ሲቀርብለት ብቻ የኖረ ሰው ድስቱን ይጣድ። ሲያርር ይየው። ጨው ሲረሳ ይየው። ከዚያ በኋላ በሞተር የመጣለትን ምሳ ሲቀበል ልጁን «አመሰግናለሁ» የሚልበት ድምፅ ይለወጣል፤ የእኔ ተለውጧል።

የኮሙናሉን ቁልፍ በተመለከተ ደግሞ፣ የወረዳ ሰዎች በመካከላችን ካላችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ሽንኩርት ደረጃ ሥር የሚከትፉት እናቶች ስም ዝርዝር ይዣለሁ።

ሰዓቴን አየሁት። ሊጡ አሁን ኩፍ ማለት የነበረበት ሰዓት ነው፤ አብሲቱን ገና አልጣልኩም። የጎረቤቴ ልጅም እንጎቻዋን ብላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳትጠብቀኝ አትቀርም። ሁለት ጥያቄ ብቻ እቀበላለሁ። መጀመሪያ እዚያ ጥግ ያሉት እናቴ፤ ይጠይቁ።